በሰሜን አሜሪካ የግብር ክርክሩ እንዴት የነጻነት ጦርነት ሆነ?

የቀረበልኝ ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ «በሰሜን አሜሪካ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች ይኖሩ የነበሩ ሰዎች በእንግሊዝ አገር ከሚኖረው ሕዝብ ያነሰ ግብር ይከፍሉ እንደ ነበር አነበብሁ። ነገሩ እንዲህ ከሆነ፣ ጥቂት ሳንቲም ለምታህል የሻይ ቀረጥ ብለው ስምንት ዓመት በፈጀ ጦርነት ውስጥ እንዴት ገቡ? ግብሩ እውነተኛው ምክንያት ነበር ወይስ ሰበብ?»

ጠያቂው ያነበቡት ትክክል ነው። በእንግሊዝ የሚኖር ሰው የሚከፍለው ግብር በቦስተን ወይም በፊላደልፊያ የሚኖረው ከሚከፍለው ብዙ እጥፍ ይበልጥ ነበር። ይህን ታሪክ ሳስተምር ተማሪዎች ሁልጊዜ የሚደናገሩት እዚህ ላይ ነው፤ ሸክሙ ከባድ ካልነበረ ግብሩ ሰበብ ብቻ መሆን አለበት ይላሉ። እኔ ግን ሰበብ ነበር ብዬ አላምንም። ሰፋሪዎቹ የተጣሉት በግብሩ መጠን ሳይሆን ግብሩን የመጣል ሥልጣን የማን ነው በሚለው ነበር፤ ለንደን ይህን ጥያቄ ለመዝጋት በሞከረች ቁጥርም ጥያቄው እየሰፋ ሄዶ በመጨረሻ «ማን ያስተዳድረን?» ወደሚለው ደረሰ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ወራትና ቀናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩን ለመረዳት ከ1763 በፊት የነበረውን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ቅኝ ግዛት ንብረት ባላቸው ወንዶች የሚመረጥ የራሱ ምክር ቤት ነበረው። በአብዛኞቹ ቅኝ ግዛቶች አገረ ገዥውን የሚሾመው የእንግሊዝ ንጉሥ ቢሆንም፣ ግብር የሚጥለውና በብዙ ቦታም የአገረ ገዥውን ደመወዝ በየዓመቱ የሚወስነው ይኸው ምክር ቤት ነበር። ስለዚህ ከለንደን የተሾመ አንድ ገዥ ምክር ቤቱ ያወጣውን ሕግ አልፈርምም ቢል፣ ምክር ቤቱም ደመወዙን ያዘገይበት ነበር። የሚገዛቸው ሰዎች የካዝናውን ቁልፍ ስለያዙ በጦር ኃይል ሳይሆን በድርድር መግዛት ግድ ይሆንበታል። ለሰፋሪዎቹ የራስ አስተዳደር ማለት በወረቀት የተጻፈ መብት ከመሆኑ በፊት ይህ የካዝና ቁልፍ ነበር።

ለንደን በበኩሏ የንግዱን መስመር ትቆጣጠር ነበር እንጂ ከቅኝ ግዛቶቹ ገቢ ለመሰብሰብ አትደክምም ነበር። በ1733 ከፈረንሳይና ከሌሎች የውጭ ደሴቶች በሚገባ ሞላሰስ (ስኳር ሲመረት የሚተርፍ ጥቁር ወፍራም ፈሳሽ) ላይ በጋሎን 6 ፔኒ ቀረጥ ተጥሎ ነበር፤ 240 ፔኒ አንድ ፓውንድ ነው። ሞላሰስ በሰሜን በኩል ባሉት የኒው ኢንግላንድ ግዛቶች የሩም (ከሞላሰስ የሚወጣ አረቄ) አምራቾች ዋና ጥሬ ዕቃ በመሆኑ ይህ ቀረጥ እንደ ሕጉ ቢሰበሰብ ሥራቸውን ይዘጋባቸው ነበር። ሆኖም ሕጉ ለሠላሳ ዓመት ያህል በወረቀት ላይ ብቻ ቆየ፤ ነጋዴው ለጉምሩክ ሹሙ ጥቂት ገንዘብ ያስጨብጠዋል፣ ሹሙም ዓይኑን ይጨፍናል።

ይህን ሁኔታ የለወጠው ከ1756 እስከ 1763 የተካሄደው የሰባት ዓመቱ ጦርነት ነው። እንግሊዝ ፈረንሳይን ድል አድርጋ ካናዳን ያዘች፤ ነገር ግን ከጦርነቱ በፊት 75 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ የነበረው የመንግሥት ዕዳዋ ወደ 130 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ አሻቀበ። በዚህ ላይ በአሜሪካ 10,000 ያህል ወታደር ለማስፈር ታቀደ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጆርጅ ግሬንቪል የእንግሊዝ ሕዝብ በግብር ብዛት ወገቡ ጎብጦ ሳለ፣ ለአሜሪካ መጠበቂያ ከሚወጣው ወጪ አሜሪካኖቹ ከፊሉን ይክፈሉ አሉ። ይህ አባባል በራሱ ፍትሐዊነት የጎደለው አልነበረም፤ የነጻነት ትግሉን የሚያደንቁ ጸሐፊዎች ግሬንቪልን ጨካኝ ገዥ አድርገው ሲስሏቸው እኔ አልስማማም። ጥፋታቸው ወጪ መጋራትን መጠየቃቸው ሳይሆን፣ ጥያቄውን ለምክር ቤቶቹ አቅርበው በማግባባት ፈንታ በፓርላማ ሕግ መጫናቸው ነው።

በ1764 የወጣው የስኳር ሕግ የነገሩን ጠባይ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ሕጉ በሞላሰስ ላይ ያለውን ቀረጥ ከ6 ፔኒ ወደ 3 ፔኒ ዝቅ አደረገው። በስሌት ካየነው ለነጋዴው ቅናሽ ነው፤ ነገር ግን ይህኛው ቀረጥ ከምሩ የሚሰበሰብ ነበር። የባሕር ኃይል መርከቦች ኮንትሮባንድ እንዲይዙ ታዘዙ፤ የተያዘውም ነጋዴ ከጎረቤቶቹ መካከል በተውጣጣ ጁሪ (ጥፋተኛ መሆን አለመሆኑን በሚወስኑ ተራ ሰዎች) ፊት ሳይሆን፣ ሃሊፋክስ ላይ በተቋቋመ የባሕር ጉዳይ ፍርድ ቤት በአንድ ዳኛ ፊት ሊቆም ይችል ነበር። አንድ የቦስተን ነጋዴ መርከቡ ቢያዝበት በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር በባሕር ተጉዞ፣ በማያውቀው ከተማ፣ ጁሪ በሌለበት ችሎት መከራከር ነበረበት ማለት ነው። ስለዚህ ገና ከመጀመሪያው የግብሩ ጉዳይ ከፍርድ መብት ጋር ተቆራኘ፤ ይህን ሳያስተውሉ የሦስቱን ፔኒ ክብደት ብቻ መመዘን ያሳስታል።

ቀጥሎ መጋቢት 22 ቀን 1765 የቴምብር ሕግ ወጣ። የኢትዮጵያ አንባቢ ውል ሲዋዋል የቴምብር ቀረጥ ስለሚከፍል ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም፤ በአሜሪካ ግን የቀረጡ ዳርቻ እጅግ ሰፊ ነበር። የፍርድ ቤት ማመልከቻ፣ የመሬት ውል፣ የመርከብ መልቀቂያ፣ የመጠጥ ቤት ፈቃድና ጋዜጣ ሁሉ ማኅተም ባረፈበት ወረቀት ላይ ካልሆነ ሕጋዊ ዋጋ አይኖራቸውም። የአንድ ጥቅል የመጫወቻ ካርታ ቀረጥ 1 ሺሊንግ ወይም 12 ፔኒ፣ የዳይስ 10 ሺሊንግ፣ የከፍተኛ ትምህርት ዲግሪ ደግሞ 2 ፓውንድ ነበር። ክፍያው በእንግሊዝ ገንዘብ እንዲሆን መታዘዙ ጥሬ ገንዘብ ብርቅ በሆነበት አገር ነገሩን ከድጡ ወደ ማጡ አደረገው። በዚያ ላይ ሕጉ ከሁሉ አስቀድሞ የነካው ጠበቃውን፣ አታሚውንና ነጋዴውን ነው። መናገርና መጻፍ ሥራቸው የሆነ፣ ሕዝብ የሚሰማቸው ሰዎች በአንድ ቀን ባላጋራ ሆኑ።

የክርክሩ እምብርት የውክልና ጉዳይ ነው። ሰፋሪዎቹ «እኛ በለንደን ፓርላማ እንደራሴ የለንም፤ ያለ ፈቃዳችን ኪሳችን ውስጥ እጁን ሊሰድ አይችልም» አሉ። የግሬንቪል ወገኖች የሰጡት መልስ ደግሞ በቀላሉ የሚናቅ አልነበረም፦ በእንግሊዝ አገርም ቢሆን አብዛኛው ሰው አይመርጥም፤ ማንቸስተርና በርሚንግሃም የሚያህሉ ከተሞች አንድም የራሳቸው እንደራሴ የላቸውም፤ ሆኖም ፓርላማው የግዛቱን ሕዝብ ሁሉ ጥቅም ስለሚያስብ ሁሉም እንደ ተወከሉ ይቆጠራሉ። ለዚህ ክርክር ውሃ የሚያነሣ መልስ ከሰጡት አንዱ የሜሪላንዱ ጠበቃ ዳንኤል ዱላኒ ናቸው። የማንቸስተሩ ሰው ባይመርጥም፣ ፓርላማው በእርሱ ላይ የሚጥለው ግብር በመራጩም በእንደራሴውም ላይ ስለሚወድቅ ጥቅማቸው አንድ ነው። በአሜሪካ ላይ የሚጣል ግብር ግን የእንግሊዙን መራጭ ሸክም ያቀልለታል እንጂ አይነካውም። በሌላው ላይ የሚጥለው ግብር የራሱን ሸክም የሚያቀልለት ሰው የዚያ የሌላው እንደራሴ ሊሆን አይችልም። ብዙ የዘመኑን ጽሑፎች አንብቤአለሁ፤ የሁለቱ ወገኖች ልዩነት ከዚህ ነጥብ በላይ ግልጽ ሆኖ የሚታይበትን ቦታ አላገኘሁም።

ተቃውሞው በወረቀት ብቻ አልቀረም። ነሐሴ 14 ቀን 1765 ቦስተን ውስጥ ቴምብሩን እንዲያከፋፍል የተመደበው የአንድሩ ኦሊቨር ምስል ተሠርቶ ከትልቅ ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ ታየ፤ በዚያው ወር 26 ቀን ሕዝቡ የምክትል አገረ ገዥውን የቶማስ ሃቺንሰንን ቤት ሰብሮ ገብቶ ዘረፈ፣ አፈራረሰም። አከፋፋዮቹ እየተራወጡ ሹመታቸውን ለቀቁ። በጥቅምት ወር የዘጠኝ ቅኝ ግዛቶች ተወካዮች ኒው ዮርክ ላይ ተሰብስበው አቤቱታ አቀረቡ። እስከዚያ ጊዜ ድረስ በድንበርና በንግድ ሲነታረኩ የኖሩ ግዛቶች አብረው መቀመጣቸው ከአቤቱታው ይዘት ይልቅ ከፍ ያለ ዋጋ ነበረው።

ነጋዴዎቹ የእንግሊዝ ዕቃ አንገዛም በማለታቸው የለንደን ነጋዴዎች ጮኹ፤ ፓርላማውም መጋቢት 1766 የቴምብሩን ሕግ ሻረ። በዚያው ቀን ግን ፓርላማው በቅኝ ግዛቶቹ ላይ «በማናቸውም ጉዳይ ሁሉ» ሕግ የማውጣት ሥልጣን እንዳለው የሚደነግግ ሌላ ሕግ አጸደቀ። አሜሪካኖቹ ስለ ሽረቱ ደወል ሲደውሉ ድንጋጌውን ችላ ብለው አለፉት። ገንዘቡ ተመልሶላቸው ጥያቄው ግን እንደ ተቋጠረ ቀረ።

ቋጠሮው ለመፈታት ብዙ አልቆየም። በ1767 የገንዘብ ሚኒስትሩ ቻርልስ ታውንሰንድ በመስታወት፣ በእርሳስ፣ በቀለም፣ በወረቀትና በሻይ ላይ ቀረጥ ጣሉ። አንዳንድ አሜሪካኖች ቀደም ሲል የተቃወሙት አገር ውስጥ የሚከፈለውን ግብር ነው ተብሎ ስለ ታሰበ፣ ወደብ ላይ የሚከፈል ቀረጥ አያስቆጣም የሚል ግምት ነበር። ጆን ዲኪንሰን የተባሉ የፔንስልቬንያ ጠበቃ በየጋዜጣው ባወጧቸው ተከታታይ ደብዳቤዎች ይህን ግምት አፈረሱት፦ ንግድን ለመምራት የሚጣል ቀረጥ አንድ ነገር ነው፣ ገቢ ለማግኘት የሚጣል ግን ስሙ ምንም ቢሆን ግብር ነው አሉ። በእኔ አስተያየት ከቀረጡም የከፋው የገንዘቡ መዋያ ነበር። ገቢው የአገረ ገዥዎችንና የዳኞችን ደመወዝ እንዲከፍል ታቀደ። ቀደም ብዬ የጠቀስሁት የካዝና ቁልፍ ከምክር ቤቶቹ እጅ ሊወጣ ነው ማለት ነው፤ ገዥው በራሳቸው ገንዘብ ደመወዙን እያገኘ ከእነርሱ ጋር መደራደር ግን አያስፈልገውም።

እንደገና የእንግሊዝ ዕቃ አለመግዛት ተጀመረ። ሴቶች በየሰበካው ተሰብስበው ክር ይፈትሉ ጀመር፤ ቤት ውስጥ የተሠራ ሸካራ ጨርቅ መልበስ ክብር ሆነ። ማን የተከለከለ ዕቃ እንደ ሸጠ የሚከታተሉ ኮሚቴዎች ተቋቋሙ፤ የሸጠውም ሰው ስሙ በጋዜጣ ይወጣ ነበር። ግብሩን ለመቃወም የተመሠረቱት እነዚህ ኮሚቴዎች ማንም ሥልጣን ሳይሰጣቸው መመርመርን፣ መወሰንንና መቅጣትን ተለማመዱ። ንግግር ያደረጉት ሰዎች ስም በታሪክ ጎልቶ ቢቀርም፣ የኋላውን መንግሥት መሠረት የጣሉት በየከተማው ደብተር ይዘው የሱቅ መዝገብ ሲመረምሩ የነበሩት ናቸው ብዬ አምናለሁ።

በ1768 መጸው የንጉሡ ወታደሮች ቦስተን ገቡ። መጋቢት 5 ቀን 1770 በበረዶ ኳስና በዱላ የተዋከቡ ወታደሮች ተኩስ ከፍተው አምስት ሰዎች ሞቱ። በዚያው ዕለት ለንደን ውስጥ አዲሱ ጠቅላይ ሚኒስትር ሎርድ ኖርዝ የታውንሰንድን ቀረጦች ለመሻር ሐሳብ እያቀረቡ ነበር፤ ከሻይ በቀር። የሻዩ ቀረጥ እንዲቀር የተወሰነው ከአንድ ዓመት በፊት በሚኒስትሮች ስብሰባ በ5 ድምፅ ለ4 ሲሆን፣ ኖርዝ ከአምስቱ አንዱ ነበሩ። ቀረጡ የቀረው ፓርላማው መብት እንዳለው ለማሳየት ነበር። ለምልክት የተተወ ቀረጥ ሌላውም ወገን ለምልክት እንዲቃወመው ይጋብዛል።

የ1773 የሻይ ሕግ ሻዩን አላስወደደም፤ አረከሰው። በዕዳ የተዘፈቀውና መጋዘኑ ባልተሸጠ ሻይ የሞላው የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ በቀጥታ ወደ አሜሪካ እንዲልክ ተፈቀደለት፤ በፓውንድ ክብደት 3 ፔኒ የነበረው የአሜሪካ ቀረጥ ግን አልተነሣም። ሰፋሪዎቹ ርካሹን ሻይ እንደ ማጥመጃ አዩት፤ አንዴ ከጠጣነው ቀረጡን ተቀበልን ማለት ነው አሉ። ዳርትማውዝ የተባለችው መርከብ ኅዳር 28 ቀን ቦስተን ደረሰች። በሕጉ መሠረት በ20 ቀን ውስጥ ቀረጥ ያልተከፈለበት ጭነት በጉምሩክ ይወረሳል፤ ቀጠሮው በታኅሣሥ 17 ይሞላ ነበር። ሕዝቡ መርከቧ ሻዩን እንደ ጫነች ትመለስ አለ፤ በዚህን ጊዜ አገረ ገዥ የሆኑት ሃቺንሰን፣ ስምንት ዓመት ቀደም ብሎ ቤታቸው የፈረሰባቸው እኒያው ሰው፣ ቀረጥ ሳይከፈል መልቀቂያ አልሰጥም አሉ። ሻዩን እንዲረከቡ ከተመደቡት ነጋዴዎች መካከል ሁለቱ የራሳቸው ልጆች ነበሩ።

ታኅሣሥ 16 ቀን 5,000 የሚጠጋ ሰው በአንድ የጸሎት ቤት ውስጥና ዙሪያውን ተሰብስቦ የመርከቧን ባለቤት ይጠብቃል፤ ሰውየው በብርድ ወደ አገረ ገዥው የገጠር ቤት ሄዶ ለመጨረሻ ጊዜ መልቀቂያ እየለመነ ነው። ጨለማ ከያዘ በኋላ ተመልሶ እንደ ተከለከለ ተናገረ። ወዲያው ፊታቸውን ጥላሸት የተቀቡ፣ እንደ አሜሪካ ነባር ሕዝቦች («ሕንዶች») የለበሱ ወንዶች ወደ ወደቡ ወርደው በሦስት መርከቦች ላይ ወጡ፤ በሦስት ሰዓት ያህል ጊዜ 340 ገደማ ሣጥን ሻይ ፈልጠው ወደ ባሕሩ ደፉ። ውሃው ሸሽቶ ስለ ነበረ ሻዩ ከመርከቦቹ ጎን እንደ ጭድ ክምር ቆመ፤ ወጣቶች በእግራቸው እየገፉ ወደ ጥልቁ ያስገቡት ነበር። ለራሱ ሻይ ሊወስድ የሞከረ ሰው በጓዶቹ ተዋረደ። የጠፋው ሻይ ዋጋ ከ9,600 ፓውንድ በላይ ነው።

ለንደን የመለሰችው ቅጣት የግብር ቅጣት አልነበረም። በ1774 የወጡት ሕጎች ለሻዩ ካሣ እስኪከፈል የቦስተንን ወደብ ዘጉ፣ ቦስተን የምትገኝበትን የማሳቹሴትስን የአስተዳደር ቻርተር (መተዳደሪያ ሰነድ) ለወጡ፣ የከተማ ስብሰባዎችን ያለ አገረ ገዥው ፈቃድ እንዳይደረጉ ገደቡ። ሻይ በመድፋቱ የማይስማማ የቨርጂኒያ ባለ መሬት እንኳ «ዛሬ የቦስተንን ቻርተር በአንድ ሕግ ከለወጡ ነገ የእኛን ምን ያድነዋል?» ለማለት ተገደደ። መስከረም 5 ቀን 1774 ከጆርጂያ በቀር የአሥራ ሁለት ቅኝ ግዛቶች ተወካዮች ፊላደልፊያ ላይ ተሰበሰቡ፤ ከእንግሊዝ ጋር የሚደረገውን ንግድ ለማቋረጥ ወስነው ውሳኔውን የሚያስፈጽሙ ኮሚቴዎች በየከተማውና በየወረዳው እንዲመረጡ አደረጉ። ከዚህ በኋላ በብዙ ቦታ ሰው የሚታዘዘው ለንጉሡ ሹም ሳይሆን ለኮሚቴው ሆነ። ሚያዝያ 19 ቀን 1775 የንጉሡ ወታደሮች ከቦስተን ወጣ ብላ በምትገኘው በኮንኮርድ የተከማቸ የጦር መሣሪያ ሊወስዱ ሲወጡ ሌክሲንግተን ላይ ከሚሊሻዎች ጋር ተገናኙ፤ ስምንት የአካባቢው ሰዎችም ተገደሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ካልጨመርሁ መልሴ ይዛባል። የቴምብሩ ሕግ ለካሪቢያን ደሴቶችም ወጥቶ ነበር፤ ጃማይካና ባርባዶስ ግን ከፈሉ። በእነዚያ ደሴቶች ነጮቹ ባለ እርሻዎች ከሚገዟቸው ባሪያዎች በቁጥር እጅግ ያንሱ ስለ ነበር የንጉሡ ወታደር ለእነርሱ ስጋት ሳይሆን ከለላ ነበር። ስለዚህ ግብር ብቻውን አመፅ አይወልድም። በአሥራ ሦስቱ ግዛቶችም ቢሆን ከሕዝቡ አንድ አምስተኛ ያህሉ ባሪያ ነበር፤ ያለ ፈቃዳችን ኪሳችን አይነካ ይሉ ከነበሩት መካከል ብዙዎቹ የሌላውን ሰው ሙሉ የድካም ዋጋ ያለ ፈቃዱ ይወስዱ ነበር። በኅዳር 1775 የቨርጂኒያው አገረ ገዥ ሎርድ ደንሞር ከአማፂ ጌቶቻቸው አምልጠው ለንጉሡ ለሚዋጉ ባሪያዎች ነጻነት እሰጣለሁ ብለው ሲያውጁ፣ ይወላውሉ የነበሩ ባለ መሬቶች ወደ አመፁ ያዘነበሉት ለዚህ ነው።

ጦርነቱ ከተጀመረ በኋላ እንኳ ብዙዎቹ «ጠባችን ከፓርላማው ጋር ነው፣ ንጉሡ አባታችን ነው» ይሉ ነበር። በሐምሌ 1775 ለጆርጅ ሣልሳዊ የእርቅ ልመና ላኩ፤ ንጉሡ በነሐሴ ወር አመፀኞች ናችሁ የሚል አዋጅ አወጣ። ሆድና ጀርባ የሆኑት ያን ጊዜ ነው። ሐምሌ 4 ቀን 1776 የጸደቀውን የነጻነት መግለጫ ጠያቂው ቢያነቡት ይደነቃሉ፤ «ያለ ፈቃዳችን ግብር በመጣል» የሚለው ክስ በረጅም ዝርዝር መካከል የገባ አንድ አጭር መስመር ነው። ዳኞች ለደመወዛቸው በንጉሡ ፈቃድ ላይ እንዲንጠለጠሉ መደረጋቸው፣ የምክር ቤቶች መበተን፣ በሰላም ጊዜ የሰፈረ ሠራዊት፣ ጁሪ መከልከሉ፣ እነዚህ ሁሉ ቦታ ይዘዋል፤ ብዙዎቹ ግን ከግብሩ ክርክር የበቀሉ ናቸው።

ግብሩ እውነተኛው ምክንያት ነበር ወይስ ሰበብ ለሚለው ጥያቄ ግን ጥሩ መፈተኛ የሚሆነው የ1778ቱ ነገር ነው። እንግሊዝ በጥቅምት 1777 ሳራቶጋ ላይ አንድ ሙሉ ሠራዊት ከተማረከባት በኋላ ፓርላማው የሻዩን ቀረጥ ሻረ፤ ከቅኝ ግዛቶቹ ገቢ ለማግኘት ብሎም ዳግመኛ ግብር እንደማይጥል በሕግ ደነገገ። ሕጉን ለፓርላማው ያቀረቡት ያንኑ ቀረጥ በአንድ ድምፅ ብልጫ ካስቀሩት አምስት ሚኒስትሮች አንዱ የነበሩት ሎርድ ኖርዝ ናቸው። በ1765 ሰፋሪዎቹ የለመኑት ሁሉ በዚህ ሕግ ተሰጥቷቸዋል። የእንግሊዝ መልእክተኞች ይህን ይዘው በሰኔ ወር ፊላደልፊያ ሲደርሱ፣ የአሜሪካኖቹ ምክር ቤት በመጀመሪያ ነጻነታችንን እወቁ ወይም ሠራዊታችሁን ከአገራችን አውጡ፣ ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን ብሎ መለሳቸው።